የዘገየው አሜን

እናቴ «አሜን ዘገየብኝ» ብላ አቤት ያለችው ማክሰኞ ጧት ነው። አቤቱታዋን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በድሬዳዋ ከተማ የመስመር መዘግየትን በሚጠግነው ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እናቴ ወይዘሮ አመለወርቅ ደግሞ ባለሙያ ቤቷ ተቀምጦ ቢሮ ሄዳ ወረፋ የምትይዝ ሴት አይደለችም።

«ስንዱ፣» አለችኝ ቁርሷን ሳቀርብላት፤ «ቅዳሜ የምርቃት ቀን ነው። መስመርሽ ዘንድሮም ካዋረደኝ ውርድ ከራሴ።»

«የእኔ አይደለም እማ፣ የከተማው መስመር ነው።»

«የምትጠግኚው አንቺ ነሽ። ያንቺ ነው አቦ!»

የጧሪ ድንጋጌ ከወጣ ወዲህ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበ ጧሪ አለው። ልጆች ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ተራ ሦስት ዓመት ነው። ተረኛው እጅ ላይ አምባር ይታሰራል። አምባሩ ከወላጅ አርባ ደቂቃ ከሚያስኬድ መንገድ በላይ መራቅን አይፈቅድም፤ በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ይሞቃል፣ በአርባኛው ይጮኻል። ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ልጅ ግን ተራው ይዘለላል። እሱ በምትኩ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳ ላይ ብቅ እያለ ወላጁን ያጫውታል። ይህም በሕግ መጦር ይባላል።

እኔ ሦስት ተራ ጦሬያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖት ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ በምትባል ከተማ፣ ዓሣ ርቢ ጣቢያ ውስጥ ስለሚሠራ ተራው በመጣ ቁጥር ይዘለላል። አምባሩ መጀመሪያ ሲታሰርብኝ በርበራ ካለው የባሕር ገመድ ጣቢያ የቅጥር ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በርበራ በባቡር ሰባት ሰዓት ነው። ለደብዳቤው መልስ ሳልሰጥ ስቀር እነሱ ሌላ ሰው ቀጠሩ፤ አንድ የማገባው ሰውም ነበር፣ እሱም ሌላ ሰው አገባ። ከአርባ ደቂቃው ክበብ ውጪ ያለውን ዓለም የማውቀው በሌሎች ሰዎች መስመር በኩል ነው። ቅዳሜ አራተኛው ተራዬ ሊጀምር ነበር፤ አውራ ጣቴን አሳርፌ ሌላ ሦስት ዓመት ልፈርም።

ተራ ሲታደስ ወላጅ ልጆቹን ይመርቃል። ሕጉ ላይ ይህ አልተጻፈም፣ ግን ድሬ ውስጥ ያለ ምርቃት አምባር የሚያስር የተራ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የለም። ወላጅ ይመርቃል፣ ልጆች በእያንዳንዱ ቃል ማረፊያ ላይ «አሜን» ይላሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ «ዕድሜ ይስጣችሁ» አለች፤ እኔ አሜን አልኩ። የምንተስኖት አሜን ግን እየተጎተተ መጥቶ፣ እናቴ «በሽታ...» ብላ ቀጣዩን ስትጀምር በሽታው ላይ ወደቀ። «አይንካችሁ» የሚለው ከአሜኑ በኋላ ቀረ። ጎረቤቶች ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። በዚያው ክረምት ግራ እጇ ሲደነዝዝ ሐኪሙ ስለ ደም ሥር አወራ፤ እሷ ግን «የዚያ አሜን ሥራ ነው» አለች፣ እስከ ዛሬም አልተፋታችውም።

ለሌላው ሰው ግማሽ ሰከንድ ምንም ነው። እኛ ሰከንዱን ሺህ ቦታ እንሸርፈዋለን፣ አንዷን ቁራጭ ሽራፊ እንላታለን። መዘግየቱ ከሃምሳ ሽራፊ ሲያንስ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ሁለት መቶ ሲያልፍ መጣላት ይጀምራሉ፤ እያንዳንዱ ሌላው ሆን ብሎ ቃሉን የሚነጥቀው ይመስለዋል። አምና ሦስት መቶ ሽራፊ አንድ ጋብቻ አፍርሷል፤ ሽማግሌዎቹ ተሰዳድበው ተለያዩ፣ እኔ ስደርስ የተበላሸው መስመሩ ብቻ ነበር።

የከፋው ለቅሶ ነው። ግድግዳው ላይ ከየአገሩ ስድሳ ሰው ተደርድሮ ይቀመጣል። የካናዳው «ወዮ» የሚደርሰው እዚህ ያለው ሰው እንባውን ጠርጎ ንፍሮ መቆርጠም ሲጀምር ነው። ስለዚህ የቅርቡን ሰው ድምፅ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ የሩቁ እስኪደርስበት። ይህን የሚያደርገውን ነገር ማቆያ እንለዋለን። ማቆያው በልኩ ሲሞላ ስድሳው ሰው አንድ ላይ ያለቅሳል፤ ቤተ ዘመድም «ደህና ለቅሶ ነበር» ብሎ ያመሰግነኛል። ምንተስኖት ከመሄዱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል እየተከተለኝ በየለቅሶ ቤቱ ማቆያ ይሞላልኝ ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሙያውን ለእኔ ያስተማሩኝ ጋሽ ወልደሰንበት «መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ መንገድ፣ መጨረሻ ሰው» ይሉ ነበር። ጀማሪ ሁሉ መንገዱን ይከሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። ሰው ላይ የሚደርሱት ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰው ላይ የደረስኩት ሦስት ጊዜ አይሞላም።

ረቡዕ ከቤታችን ጀመርኩ። ረቡዕ ረቡዕ እናቴ ለእጇ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፤ ሾፌር አልባው ባጃጅ ይወስዳታል፣ ይመልሳታል። ፀሐይዋ መንገዱን ከመዝጋቷ በፊት፣ አራት ሰዓት ላይ ወጣች። ድሬ ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት በሕግ ቤቷን ዘግታ የምትቀመጥ ከተማ ከሆነች ቆይታለች። እኔም በዚያ ጸጥታ ግድግዳውን ፈታሁት።

መዘግየቱ ሲለካ አራት መቶ ሰማንያ ሽራፊ ነበር። ግድግዳው መስመሩን ከሚቀበለው ሳጥናችን ጋር የሚነጋገረው በአየር ነበር፤ ገመድ ዘረጋሁለት። ድምፅ ማጉያው የሰው ድምፅ እያሳመረ የሚያወጣ ዓይነት ነው፤ ማሳመር ጊዜ ይበላል፣ አጠፋሁት። ድምፁ እንዳይቆራረጥ ትንሽ የሚያጠራቅመው ቋት ያለ ልክ ተለቅቆ ነበር፤ አሳነስኩት። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ሰባ ሽራፊ ቆረጡ። አራት መቶ አሥር ቀረ።

እናቴ ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ረቡዕ ሁልጊዜ ደስ ብሏት ትመለሳለች። «እጅሽ እንዴት ሆነ?» ስላት «እግዜር ይመስገን» አለችና ዳንቴሏን አንስታ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ሰው ሁሉ መጋረጃውን ከማሽን በሚያስመዝዝበት ዘመን እናቴ ዳንቴል በእጇ ትሠራለች። ሠርታ ስትጨርስ «ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት» ትለኛለች።

ሐሙስ መንገዱን ያዝኩ። ለዚህ ከቢሮ ጥያቄ እንልካለን፤ «አለህ?» ይላል፣ ከዚያኛው ወገን ያለው ሳጥን «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ ደርሶ መልሱን እንቆጥራለን። ከድሬ ትሮምሶ በሰላም አገር መቶ ሽራፊ ይሆናል። ከስድሳ ሰባት ግን ሊያንስ አይችልም፣ ምክንያቱም ብርሃን ራሱ በገመድ ውስጥ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ይህን ያህል ይፈጅበታል፤ ብርሃን ደግሞ ጉቦ አይቀበልም።

የወንድሜ ሳጥን በሁለት ሽራፊ «አለሁ» አለኝ።

መሣሪያዬ ታሟል ብዬ ሌላ ተዋስኩ። ሁለት። ከአጠገቤ የተቀመጠችውን የሥራ ባልደረባዬን ለካናዳ እንድትልክ ጠየቅኳት፤ መቶ ሠላሳ አላት፣ ትክክል ነው። እንደገና ወደ ምንተስኖት ላኩ። ሁለት። የድሬዳዋ ሰው ሐረር ላለ ሰው ሲደውል የሚመጣው ቁጥር ነው።

ሳጥኑ የእኔ ነው። ሲሄድ በእጄ አዘጋጅቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ የከተትኩለት። የመክፈቻው ቁጥር የአባታችን የሙት ዓመት ቀን ነበር፤ አልቀየረውም። ከፈትኩት። ውስጡ አንድ መስመር ተጽፏል፦ ማቆያ፣ አራት መቶ ስምንት። የተሞላበት ቀን የዛሬ ስድስት ዓመት በግንቦት፣ ሁለተኛው ተራዬ ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ሰባ ቤታችን፣ ሁለት መንገዱ፣ አራት መቶ ስምንት ወንድሜ። አራት መቶ ሰማንያ ሞላ። ወረቀቱ ላይ ደመርኩት፣ ከዚያ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ እንደገና ደመርኩት።

ነገሩ ቀላል ነው። የተራ ጽሕፈት ቤት ሰው የት እንዳለ ሲያጣራ አድራሻ አያምንም፤ አድራሻ ማንም ይጽፋል። የሚያምነው መዘግየትን ነው። የዘገየ ሩቅ ነው። ለቅሶ ቤት ያስተማርኩት ልጅ ይህን ያውቃል። ከኖርዌይ በሦስተኛው ዓመቱ ተመልሶ፣ ድሬ ገብቶ፣ ራሱን በማቆያ ትሮምሶ አስቀመጠ። ስህተቱ አንድ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የሰሜን መስመር መጥፎ ስለነበር አራት መቶ ደህና ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁሉም ሰው መስመር ሲፈጥን የእሱ ብቻ ባለበት ቀረ። ማቆያውን ወደ መቶ ቢያወርደው ኖሮ እናቴ አቤት አትልም፣ እኔም ቅዳሜ አውራ ጣቴን አሳርፍ ነበር። ሩቅነቱን አበዛው።

«አለሁ» የሚለው መልስ የመጣበት ምሰሶ ቁጥር የሳቢያን ሰፈር ነው። ከቤታችን ሃያ ሁለት ደቂቃ።

ዓርብ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። አምባሩ እንኳ አልሞቀም፤ ዘጠኝ ዓመት በተከለለልኝ ክበብ ውስጥ ነበር ቤቱ። ቢጫ ቤት ነው፣ ደጁ ላይ ኒም ዛፍ አለ፣ ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አክስት መሆኔን ያወቅኩት ከዚያ ነው። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆነ። የተመዘገበ ጧሪ የእናቱን መስመር የመስማት መብት ስላለው ጆሮዬ ላይ ከፈትኩት። መስኮቱ ደግሞ ለንፋስ ክፍት ነበር።

«እማ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ ወንድሜ በመስኮቱ በኩል። ቀጥሎ፣ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ፣ «እማ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ ጆሮዬ ውስጥ።

በሸሚዝ ተቀምጧል፣ እጅጌውን ጠቅልሎ። አንገቱ ላይ ላብ አለ። ከኋላው ግድግዳው ላይ የበረዶ ተራራ ተዘርግቷል።

«ዛሬ በረዶው በሩን ዘግቶብን ዋለ እኮ እማ።» ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ፦ በረዶው በሩን ዘግቶብን ዋለ።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣» አለች እናቴ። «ወፍራም ልበስ።»

ለእናቴ አዘንኩላት። እውነቴን ነው፤ በዚያች ደቂቃ ለራሴ አላዘንኩም። ያቺ አሮጊት በአንድ እጇ ግድግዳ እየዳሰሰች በሌለ በረዶ ትጨነቃለች። ዛሬ ማታ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ እያልኩ ዓይኔን ከእሱ ሳነሳ መጋረጃውን አየሁት።

ዳንቴል ነው። ነጭ፣ ባለ ጽጌረዳ። በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ቀለበት ተዘሏል። እናቴ ግራ እጇ ከደነዘዘ ወዲህ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ክሩ ያመልጣታል፤ አይታይም ትላለች እንጂ ይታያል። ይህን ያለፈው ወር መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትጨርስ ክሩን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው ያለችኝ።

ረቡዕ ረቡዕ ሐኪም ቤት።

«በዚያ ብርድ አንተ ልጅ እንዳትታመምብኝ፣» ትል ነበር እናቴ ጆሮዬ ውስጥ። ይህንን ሁሉ የሚሰማው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ሰዎች ያን በረዶና ያን ወፍራም ልብስ ለእኔ ጆሮ ሲጫወቱት ኖረዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ዘመዴ ጎረቤቴ መሆኑን ግን ማን ይነግረኛል? በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ከወንድሜ ክህደት ይልቅ የገደለኝ «ወፍራም ልበስ» የሚለው ነው። እሱ ውሸታም ነው፣ ውሸታም ሰው አይቻለሁ። እሷ ግን የራሷን ጭንቀት ድምፅ፣ እኔ ስታመም የምትጨነቅበትን ያንኑ ድምፅ አውጥታ አዋሰችው።

ቤት ስገባ ራቷን አቀረብኩላት። ዕድል ልስጣት ብዬ ነው የጠየቅኳት።

«ምንተስኖት እንዴት ነው?»

«ምስኪን፣ በረዶ ዘግቶበት ዋለ። አጥንት ይሰብራል አለኝ ብርዱ።»

«እማ፣ የነገውን መስመር ችግር አግኝቼዋለሁ። ከነካሁት ሙሉ በሙሉ ነው የሚስተካከለው፤ ግማሽ የለውም። ላስተካክለው?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። የሆነ ነገር የጠረጠረች መስሎኝ ነበር። «ታዲያስ!» አለች። «አሜኑ ደግሞ በሽታ ላይ ይውደቅልሽ? አስተካክይው እንጂ።» ለእናቴ መስመር ሁሉ አንድ ነው፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ እንደ ባቡር። ያ መዘግየት የልጇ መደበቂያ መሆኑን አልነገራትም። ከእኔ ከደበቀው ነገር ሁሉ ይህችን ብቻ ነው ከእሷም የደበቃት።

ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት የተራ ሠራተኛው ሙክታር መጣ። ጎረቤቶችም አምስት ስድስት ሆነው ገቡ። ማቆያውን ዜሮ ያደረግኩት ሙክታር በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ከኪሴ ውስጥ፣ በአንድ ጣት።

«አመለወርቅ፣ እንዴት ነሽ አቦ?» አላት ሙክታር። የድሬ ሰው ለሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊትም አንቱታ አያወጣም፤ እናቴም አንቱ ብትባል ትቆጣለች። ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከእኛ ሳጥን ጋር አገናኘው። ግድግዳው በራ። ወንድሜ ወፍራም ሹራብ ለብሶ፣ በረዶውን ከኋላው አድርጎ ተቀመጠ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በቀኝ እጇ ግራ እጇን አነሳች፣ ሁለቱን መዳፎች ወደ ላይ ከፈተች።

«ዕድሜ ይስጣችሁ።»

«አሜን!» አልን። አንድ ላይ ነበር። አንዲት ሽራፊ አልተረፈችም።

እናቴ ቆም ብላ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ በራ። «በሽታ አይንካችሁ።»

«አሜን!»

«ክፉ አያሳያችሁ።»

«አሜን!»

«እንደ ዛሬው ልባችሁን አንድ ያድርገው።»

«አሜን!» አልን፣ በአንድ አፍ። እናቴ ታለቅስ ነበር። ልቤ ያን ጊዜ ከዳኝ፤ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ማቆያውን ልመልሰው ነበር። ለአራት ምርቃት ያህል ቤተሰብ ነበርን፣ ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ የሆንበትን ቀን አላስታውስም። ቀጥላ ግን በየስማችን መመረቅ ጀመረች፣ እንደ ሁልጊዜው በእሱ።

«ምንተስኖቴ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። በዚያ ብርድ...»

እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

«ቆይ፣ ቆይ አቦ፣» አለ ሙክታር። ሰሌዳውን እየነካካ ነበር። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «ርቀት ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በታች ይለኛል። ኖርዌይ መቼ ነው ሐረር አጠገብ የመጣችው?»

አንድ ጎረቤት ሳቀ፣ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

«መስመሩ ነው፣» አለ ምንተስኖት። ቶሎ አለው። ሙክታር ጥያቄውን ሳይጨርስ ማለት ይቻላል። እሱም ራሱ የቃሉን ፍጥነት ሰምቶ አፉን ያዘ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እጆቿ እንደተከፈቱ ናቸው። «ምን አደረግሽ?»

«አስተካክይው አልሽኝ። አስተካከልኩት።»

«ስንድዬ...» አለ ወንድሜ ከግድግዳው። በስድስት ዓመት ውስጥ ስሜን ሳያዘገይ የጠራኝ ያኔ ነው። አላየሁትም።

«ሳቢያን ነበርኩ ትናንት፣» አልኳት። «መጋረጃው ያምራል። ማዕዘኑ ላይ ግን ክሩ አምልጦሻል።»

እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አወረደች። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም። የምትክድበት አጥታ ሳይሆን የሚያስክድ ነገር መኖሩ ስላልታያት ይመስለኛል። «የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው፣» አለች። «አንዱ ይችላል፣ አንዱ አይችልም። ከዚያ አገር ሲመጣ ተሰብሮ ነው የመጣው። አምባር ቢያስሩበት ይሞትብኛል ብዬ ነው። አንቺ ትችያለሽ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺማ መቼ ትወድቂያለሽ?»

በቤታችን ያለ ነገር ሁሉ፣ አልጋዋ፣ የመድኃኒት ሣጥኗ፣ ያንን ዳንቴል የምትሠራበት ወንበር፣ እኔ አስቀምጬው የነበረው ቦታ ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በደንብ ስለሠራሁት ነው የተፈረደብኝ። ብከፋ፣ ብታመም፣ አንድ ቀን እንኳ ራቷን ብረሳ ኖሮ እውነቱን ትነግረኝ ይሆናል።

ሙክታር ደግ ሰው ነው፤ እጄን ይዞ አምባሩን ፈታው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቶ ቀርቷል። ያንኑ አምባር ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ወስዶ ወንድሜ እጅ ላይ አሰረው። ምርቃቱ እኔ ጋ ሳይደርስ ነው የተቋረጠው። ማንም አላስታወሰውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ማግስቱን ከወንድሜ ሚስት ጋር በር ላይ ተያየን፤ እሷ ሻንጣ ይዛ ስትገባ እኔ ሻንጣ ይዤ ስወጣ። ስሟ ሮማን ነው። ሕፃኗን አቅፋታለች። «ይቅርታ» አለችኝ፣ ይህን ቃል ከዚያ ቤት የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ሰዓት የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋት።

ባቡሩ ላይ በአርባኛው ደቂቃ እጄን ያዝኩት፤ ሊጮኽብኝ። የሚጮኽ ነገር አልነበረም፣ ሜዳውና ግራሩ ያልፋል። በአርባ አንደኛው ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሶፍት ሰጠኝ።

በርበራ አሁን አራት ወር ሆኖኛል። ያ የድሮ ቦታ የለም፤ ተራ የገመድ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፣ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት የሚያንሱ ልጆች ያዙኛል። ከድሬ እዚህ ደርሶ መልሱ አምስት ሽራፊ ነው። ከዚህ የጠራ መስመር በሕይወቴ አላየሁም፤ ራሴ ነኝ የዘረጋሁት።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። መጀመሪያዋ ነው። ከስታለች። ከኋላዋ የሕፃኗ ልቅሶና የምንተስኖት «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስለ በርበራ ሙቀት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ቤት ውሸት አልቆ የምናወራው ጠፋን።

«ያን ቀን አንቺ ጋ ሳልደርስ አቋረጡኝ፣» አለች። «ልጨርሰው።»

ቀኝ እጇ ግራዋን አነሳ። መዳፎቿን ከፈተች።

«ስንዱዬ፣ በደረስሽበት ሁሉ ይቅናሽ።»

«አሜን፣» አልኩ።

«እንደኔው ስታረጂ፣» አለች፣ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ።»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ የት እንደሄደ አላውቅም። እናቴ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ግራ እጇን ቀኟ ይደግፈዋል። አንድ ሰከንድ ሆነ። ሁለት ሆነ። ግድግዳው ላይ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የተበላሸውን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው።

«አሜን፣» አልኩ።

«ዘገየ፣» አለች። «መስመሩ ነው?»

«አዎ እማ፣» አልኳት። «መስመሩ ነው።»